አደይን በፕላስቲክ፣ ጮቄን በማረሻ

የአደይ አበባ ዕድሜ አጭር ነው። ክረምቱ ሊወጣ ሲል ብቅ ትላለች፣ መስከረምን ታደምቃለች፣ ብዙም ሳትቆይ ከሜዳው ትጠፋለች። ከደብረ ማርቆስ ወደ ደምበጫ፣ ከሉማሜ ወደ ብቸና፣ ከረቡዕ ገበያ ወደ ጮቄ በሚያወጣው መንገድ ዳር ለጥቂት ሳምንታት ቢጫ ትለብሳለች፤ ከዚያ በኋላ እስከ ሚቀጥለው ዘመን መለወጫ ድረስ የቀረው ደረቅ ግንድና ዘር ነው። ሰው ደግሞ የሚያምር ነገር ሲያልፍበት አያስችለውም፤ ይዞ ማስቀረት ይፈልጋል።

ማስቀሪያው ተገኝቷል የሚሉ አሉ። በቲክቶክና በቴሌግራም ገበያዎች ላይ እንደ መስታወት የጠራ ጠንካራ ነገር ውስጥ የተቀመጠ ደረቅ አበባ መሸጥ ከጀመረ ቆይቷል። ቁልፍ መያዣ ነው፣ ጉትቻ ነው፣ የሙሽራ እቅፍ አበባ ማስታወሻ ነው፣ የቡና ጠረጴዛ ነው። ፈሳሹ ሬዚን ይባላል። ሥራው ትልቅ ማሽን አይፈልግም፤ አንድ ክፍል፣ ጥቂት ዕቃና ትዕግሥት ይበቃዋል። ሥራ ላጣ የዩኒቨርሲቲ ምሩቅ ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። እናም «አደይን በሬዚን አድርገን ብንሸጥስ?» የሚል የደብረ ማርቆስ ወጣት ሐሳቡ ሊናቅበት አይገባም። ጥሩ ሐሳብ ነው። ነገር ግን አንድ ጥያቄ ቀድሞ መመለስ አለበት፦ የሚጠበቀው ምንድን ነው? የአበባው መልክ ነው ወይስ አበባው?

*ሥራው ምን ይጠይቃል?*

ከሩቅ ሲታይ ቀላል ነው። ሁለት ፈሳሾች በልካቸው ይቀላቀላሉ፤ አንዱ ሬዚኑ፣ ሌላው ማጠንከሪያው ነው። አበባው ቅርጽ ማውጫው ውስጥ ይቀመጥና ድብልቁ ይፈስበታል። በማግስቱ ድንጋይ ሆኖ ይወጣል።

ብዙ ሰው ገንዘቡን የሚያጣው ግን ከዚያ በፊት ነው። አበባው ፈጽሞ መድረቅ አለበት። ትንሽ እርጥበት ከቀረበት ሬዚኑ ውስጥ ይጠቁራል፣ አረፋ ያወጣል፣ ዙሪያውን ያደፈርሳል። አንዴ ከታሸገ በኋላ ማስተካከያ የለውም። ስለዚህ የሥራው ልብ ሬዚን ማፍሰሱ ሳይሆን አበባ ማድረቁ ነው። በወረቀት መካከል ተደርጎ ከባድ መጽሐፍ የተጫነው አበባ ጠፍጣፋ ሆኖ ይደርቃል። እንደ ቆመ እንዲደርቅ ከተፈለገ ሲሊካ ጄል ውስጥ ይቀበራል፤ ይህ በአዲስ ጫማ ካርቶን ውስጥ በትንሽ ከረጢት ሆኖ የሚመጣው፣ እርጥበት የሚመጥ ፍሬ ነው። ፈሳሹም በአንድ ጊዜ ብዙ ከተፈሰሰ ሲጠነክር በራሱ ይግላል፤ ይሰነጠቃል፣ አበባውንም ያቃጥላል። በቀጭን በቀጭኑ፣ ንብርብር በንብርብር ማፍሰስ ያስፈልጋል።

የጎጃም ደጋ በዚህ ላይ ሁለት የራሱን ችግሮች ይጨምራል። የመጀመሪያው እርጥበት ነው። አደይ የምታብበው መሬቱ ከክረምቱ ገና ሳይደርቅ ነው፤ አበባዋን ቆርጦ መስኮት ላይ ማስቀመጥ ብቻውን አይበቃም። ሁለተኛው ብርድ ነው። ኢፖክሲ የሚባለው የቤት ሬዚን ከ20 ዲግሪ በላይ የሞቀ ክፍል ይፈልጋል። በብርድ ይወፍራል፣ አረፋውን አይለቅም፣ ዘግይቶ ይጠነክራል፣ አንዳንዴም እንደ ተጣበቀ ይቀራል። ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠችው ደብረ ማርቆስ በሌሊት ምን እንደምትመስል ነዋሪዋ ያውቀዋል። የውጭ አገር ሰው በቪዲዮ የሚሰጠው መመሪያ ይህን አያነሳም። ክፍሉን ለማሞቅ በር ዘግቶ ከሰል ማቀጣጠል ደግሞ በአንዱ ጭስ ላይ ሌላ ጭስ መጨመር ነው።

ጤናውም ሊደበቅ አይገባም። ያልጠነከረ ኢፖክሲ ቆዳን ደጋግሞ ከነካ የማይለቅ አለርጂ ሊያስከትል ይችላል፤ አንዴ የተነሳበት ሰው ከዚያ በኋላ ጥቂት ጠብታ እንኳ ሊያሳብጠው ይችላል። የጠነከረው ሲሞረድ የሚነሳው ብናኝ ለሳንባ አደገኛ ነው። ጓንት፣ ማስክና አየር የሚገባበት ክፍል የቅንጦት ነገሮች አይደሉም። ሕፃን በሚተኛበትና ወጥ በሚሠራበት ቤት የሚከናወን ሥራ አይደለም።

አክሪሊክ የሚባለው ደግሞ ሌላ ነው። በ1930ዎቹ በፋብሪካ መመረት የጀመረው ይህ ፕላስቲክ ከኢፖክሲ ይልቅ ፀሐይን ይቋቋማል፣ ጥራቱንም አይለቅም። ሆኖም በአበባ ዙሪያ ለማፍሰስ የተቆጣጠሩት ሙቀትና ግፊት ስለሚጠይቅ ከቤት ሥራ ይልቅ የፋብሪካ ሥራ ነው። በየቤቱ የሚሠራው በአብዛኛው ኢፖክሲ ነው፤ ኢፖክሲ ደግሞ ፀሐይ ሲያገኘው ዓመት በዓመት ይወይባል። የአበባውም ቀለም በብርሃን ይደበዝዛል። «ለዘላለም» እያሉ መሸጥ ገዢን ማታለል ነው።

*አበባ ማድረቅ ለጎጃም አዲስ አይደለም*

ይህ ሁሉ እንደ ባዕድ ሥራ እንዳይታይ አንድ ነገር ማስታወስ ይገባል። የኢትዮጵያ ደጋ ሰው ለዘመናት አበባ ሲያደርቅ ኖሯል። ስሙ ኮሶ ነው።

ኮሶ የዛፍ አበባ ነው። የሴቴዋ ዛፍ ቀላ ያለ የአበባ ዘለላ ይቆረጣል፣ ይደርቃል፣ ይፈጫል፣ ለኮሶ ትል ይጠጣል። መራራነቱ ተረት ስለሆነ ፊቱን ያጨማደደ ሰው እስከ ዛሬ «ኮሶ የጠጣ መሰለ» ይባላል። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ እ.ኤ.አ. በ1790 ባሳተመው የጉዞ መጽሐፉ ስለ ዛፉ ከነሥዕሉ ጽፏል። በ19ኛው ክፍለ ዘመን የደረቀው አበባ ወደ አውሮፓ ተሻግሮ በመድኃኒት ቤቶች ይሸጥ ነበር።

እዚህ ላይ ልብ ሊባል የሚገባው ነገር አለ። የጎጃም እናት ኮሶ ስታደርቅ አበባውን ብቻ አልነበረም የምታስቀምጠው። የትኛው ዛፍ ሴቴ እንደሆነ፣ መቼ እንደሚቆረጥ፣ ለማን ምን ያህል እንደሚሰጥ፣ ለማን ጨርሶ እንደማይሰጥ አብራ ታስቀምጥ ነበር። መጠኑ ከበዛ እንደሚጎዳ ታውቅ ነበር። ጦስኝም እንደዚሁ ነው፤ አሪቲም፣ ጠጅ ሳርም እንደዚሁ ናቸው። የመድኃኒት ዐዋቂ ደብተሮችም የዕፀዋትን ስምና ግብር በብራና ጽፈው ያቆዩት በዚሁ ምክንያት ነው። ደረቅ ተክል ያለ ዕውቀቱ ገለባ ነው።

የእንቁጣጣሽ ሕፃናትም ቢሆኑ ይህን ነገር በራሳቸው መንገድ ያውቁታል። ወንዶቹ ልጆች አበባ በወረቀት ላይ ሥለው ለየጎረቤቱ ይሰጣሉ። ያ ወረቀት የማትቆየዋን አበባ ለማቆየት የተደረገ ሙከራ ነው። ከየት እንደ መጣ፣ ለምን እንደ ተሰጠ፣ ማን እንደ ሰጠው ሁሉም ያውቃል።

*ከአለም ከተማ የወጣው የጥንት ሬዚን*

«ሬዚን» የሚለው ቃል ከመጀመሪያውም ከፋብሪካ የወጣ አይደለም፤ ሙጫ ማለት ነው። ቤተ ክርስቲያን የሚታጠነው ዕጣን ራሱ የዛፍ ሙጫ ነው። ተፈጥሮ ደግሞ በሙጫ ውስጥ ነፍስ ያለውን ነገር ማሸግ የጀመረችው ሰው ከመፈጠሩ በፊት ነው። የዛፍ ሙጫ ሲፈስ የያዘውን ነፍሳትና ቅጠል ይዞ ይቀበርና በሚሊዮን ዓመታት ውስጥ ድንጋይ መሳይ ይሆናል። ይህ አምበር ይባላል።

አምበር ለብዙ ሰው የባልቲክ አገሮች ሀብት ነው። ግን በአማራ ክልል፣ በሰሜን ሸዋ፣ በመርሐቤቴ አለም ከተማ አካባቢም ይወጣል። እ.ኤ.አ. በ2010 አንድ የተመራማሪዎች ቡድን በዚህ አምበር ውስጥ ጉንዳን፣ ሸረሪት፣ ፈንገስና ሌሎችም ጥንታዊ ሕይወቶች እንደ ተገኙ ሲያስታውቅ ዕድሜውን 95 ሚሊዮን ዓመት ገደማ አድርጎት ነበር። ዓለም ጉድ አለ። ከዓመታት በኋላ በድጋሚ ሲመረመር ግን ዕድሜው 20 ሚሊዮን ዓመት አካባቢ መሆኑ ተነገረ። ልዩነቱ ከ70 ሚሊዮን ዓመት በላይ ነው።

ጉንዳኗ አልተለወጠችም። ያው ሙጫ ውስጥ እንደ ተቀመጠች ናት። የተለወጠው ከየትኛው ዘመን እንደ መጣች የሚነገረው ነው። በተፈጥሮ ሬዚን ውስጥ ፀጉሯ ሳይጎድል የተጠበቀች ፍጥረት እንኳ «የት? መቼ?» የሚሉት ጥያቄዎች በትክክል ካልተመለሱ ሌላ ታሪክ ትናገራለች። በላስቲክ ከረጢት ተጠቅልሎ የሚሸጥ ስም የለሽ ቁልፍ መያዣማ ምን ሊናገር ነው?

*የጎጃም አበባ አሁን የት ነው?*

ጥያቄው እንግዳ ሊመስል ይችላል፤ መልሱ ግን ያሳፍራል። ብሩስ እ.ኤ.አ. በኅዳር 1770 ግሽ ዓባይ ሲደርስ ፍለጋው ምንጩን ብቻ አልነበረም። ያየውን ተክል ይሰበስብ ነበር፤ አብሮት የተጓዘው ጣሊያናዊ ሠዓሊ ሉዊጂ ባሉጋኒ ደግሞ ይስልለት ነበር። ባሉጋኒ አገሩን ዳግም ሳያይ ጎንደር ላይ ሞተ። እኛ ዋጊኖስ የምንለው መድኃኒት ተክል በሳይንስ ስሙ እስከ ዛሬ የብሩስን ስም ተሸክሞ ይኖራል። ጦስኝ ደግሞ የሺምፐርን ስም ይዟል። ጀርመናዊው ሺምፐር እ.ኤ.አ. በ1837 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ በ1878 አድዋ ላይ እስኪሞት ድረስ፣ በተለይ በትግራይና በሰሜን በኩል ዕፀዋት ሲሰበስብ ኖሯል። ፈረንሳዊው ሐኪም አንቷን ፕቲ በ1843 ዓባይን ሲሻገር አዞ በላው። እርሱና ጓደኛው ካርተን ዲሎን የሰበሰቡት ደረቅ ዕፀዋት ግን ፓሪስ ደረሱ፤ በነሱም ላይ ተመሥርቶ ስለ ኢትዮጵያ ዕፀዋት ትልቅ መጽሐፍ ተጻፈ።

እነዚህ ሰዎች ያስቀመጡት አበባ ውበት የለውም። ወረቀት ላይ የተለጠፈ ቡናማ ገለባ ነው። ከታች ግን አንዲት ትንሽ ጽሑፍ አለች፦ የተክሉ ስም፣ የተለቀመበት ቦታ፣ ቀኑ፣ የለቃሚው ስም። ያቺ ጽሑፍ ናት ገለባውን 180 ዓመት ሙሉ ያኖረችው። ዛሬ የፓሪሱ ስብስብ ፎቶ ተነሥቶ በኢንተርኔት ይታያል። የሞባይል ኢንተርኔት በክልሉ ለረጅም ወራት ተዘግቶ በነበረበት ጊዜ ግን የጎጃም ተማሪ የደጋውን ተክል በፓሪስ በኩል እንኳ ማየት አይችልም ነበር።

የአገር ሰው ሥራም አለ፤ ሳይነገርለት መቅረት የለበትም። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አራት ኪሎ ያለው ብሔራዊ ሄርባሪየም በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ደረቅ ዕፀዋት ይዟል። እ.ኤ.አ. ከ1980 እስከ 2009 ድረስ ከስዊድኑ ኡፕሳላ ዩኒቨርሲቲ ጋር በ8 ቅጾች የተዘጋጀው የኢትዮጵያና የኤርትራ ዕፀዋት መጽሐፍ ወደ 6,000 የሚጠጉ ዝርያዎችን መዝግቧል። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ጎጃም ራሱን የቻለ የዕፀዋት ክልል ተደርጎ፣ ጂ እና ጄ በሚሉ ሁለት የላቲን ፊደላት ተወክሏል። እነ ስብስቤ ደምሰውና እንሰርሙ ቀልቤሳ ዕድሜያቸውን የሰጡበት ሥራ ነው። አደይ አበባ ራሷ፣ ባይደንስ ማክሮፕቴራ ተብላ በዓለም በምትታወቅበት የሳይንስ ስሟ መጨረሻ ላይ፣ ወገኗን ያጠናው ኢትዮጵያዊው የዕፀዋት ሊቅ መስፍን ታደሰ ስም ተጽፏል። ስንት የመስከረም ፕሮግራም አቅራቢ ይህን ያውቃል?

ደረቁ አበባ ስም አለው፤ ቀለም የለውም። የሬዚኑ አበባ ቀለም አለው፤ ስም የለውም። ይህን ጉድለት ለመሙላት ሃርቫርድ ዩኒቨርሲቲ ሌላ መንገድ ሞክሮ ነበር። ደረቅ ተክል ለማስተማሪያ አልመች ስላለ፣ ብላሽካ የተባሉ አባትና ልጅ የመስታወት ባለሙያዎች እ.ኤ.አ. ከ1887 እስከ 1936 ድረስ ከ4,000 በላይ የአበባና የተክል ሞዴሎችን በመስታወት ሠርተው አስረከቡ። ሰው እስከ ዛሬ ሊያያቸው ይሄዳል። የሚታዩት ግን ከነስማቸው ነው።

*ጮቄን ማን በሬዚን ያሽገው?*

ወደ ዋናው ጉዳይ እንምጣ። አደይ ዛሬ የምትጠፋ አበባ አይደለችም። ልጃገረዶች ለእንቁጣጣሽ እቅፍ ሙሉ ቢቆርጡ አታልቅም። የሚያሳስበው የምትቆምበት ቦታ ነው። የማሳው ድንበር እየጠበበ ነው። ግጦሹ ታርሷል። በስንዴና በጤፍ ማሳ ላይ የሚረጨው ቱ ፎር ዲ የተባለው ፀረ አረም ሰፊ ቅጠል ያላቸውን ዕፀዋት የሚገድል ነው፤ አደይ ደግሞ ለመድኃኒቱ አረም ናት። ገበሬው ሊወቀስ አይገባም፤ የሚበላው እህል ነው እንጂ አበባ አይደለም። ውጤቱ ግን ውጤት ነው።

ጮቄ ላይ ሲወጣ ነገሩ ይብሳል። ከ4,000 ሜትር በላይ የሚደርሰው ይህ ተራራ ጨሞጋን፣ ሙጋን፣ ተምጫን፣ ሱሃንና ሌሎችንም የዓባይ ገባሮች የሚያፈልቅ የውኃ ማማ ነው። ጓሳው፣ አስታውና ጅብራው ዝናቡን ይዘው ቀስ ብለው የሚለቁ ስፖንጆች ናቸው። ገብሱና ድንቹ ዓመት በዓመት ወደ ላይ ሲወጣ እነዚህ ወደ ጫፍ ይገፋሉ። አፈሩ ወደ ዓባይ ይወርዳል። ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም የተመረቀው የሕዳሴ ግድብ ትልቁ ስጋት ደለል ከሆነ፣ የደለሉ አንዱ መነሻ ጮቄ ነው። ስለዚህ የአበባ ወሬ የሚመስለው የአፈር ወሬ ነው፤ የመብራትም ወሬ ነው።

ጅብራን በተመለከተ አንድ ማስጠንቀቂያ ያስፈልጋል። ይህ ከኢትዮጵያ ደጋ ውጭ የማይገኝ ተክል ለብዙ ዓመታት ቆይቶ አንድ ጊዜ ብቻ ያብባል፣ ከዚያ ይሞታል። አበባው ከተቆረጠ የቀጣዩ ትውልድ ዘር ተቆረጠ ማለት ነው። ለቪዲዮ ያማረ ነው፤ በሬዚን ጠረጴዛ ውስጥም ያምር ይሆናል። ማንም ሊነካው አይገባም።

*«በዚህ ጊዜ አበባ?»*

የሚሰነዘረው ተቃውሞ ይታወቃል። ሐምሌ 28 ቀን 2015 ዓ.ም የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ከታወጀ ወዲህ ጎጃም ሰላም ምን እንደሚመስል ረስቷል። ትምህርት ቤት ተዘግቶ ያደገ ልጅ አለ። መንገድ ሲዘጋ ማዳበሪያ ያጣ ገበሬ አለ። በዚህ ጊዜ ስለ ደረቅ አበባ ማውራት ቅንጦት አይደለም ወይ?

ጥያቄው ትክክለኛ ነው። ግን በጦርነት ጊዜ የሚጠፋው ሰውና ንብረት ብቻ አይደለም። መዝገብም ይጠፋል። የበርሊን ሄርባሪየም እ.ኤ.አ. በማርች 1943 በአየር ድብደባ ሲቃጠል በዓለም ትላልቅ ከሚባሉት የደረቁ ዕፀዋት ስብስቦች አንዱ በአንድ ሌሊት አመድ ሆነ። ከዚያ አደጋ የተረፈው ብዙው ዕውቀት የተረፈው ቅጂው አስቀድሞ ወደ ሌሎች ከተሞች ተልኮ ስለነበረ ነው። ትምህርቱ ለጎጃም ግልጽ ነው፦ አንድ ነገር ዋጋ ካለው በአንድ ቦታ ብቻ አይቀመጥም፤ ሰላም እስኪመጣም አይጠበቅለትም።

ሌላም አለ። አገሩን ለቆ በአዲስ አበባ፣ በዋሽንግተን ወይም በሪያድ የሚኖር የጎጃም ልጅ ከቀዬው አንድ ነገር ቢያገኝ ይገዛል። ይህ ገበያ እውነተኛ ነው። ነገር ግን ሒሳቡ በሐቀኝነት ይሠራ። ሬዚኑ ከውጭ ይመጣል፤ ማጠንከሪያውም፣ ቅርጽ ማውጫውም፣ ሲሊካውም ከውጭ ይመጣሉ። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲመራ ከተደረገ ወዲህ ከውጭ የሚገባ ነገር ሁሉ ዋጋው ምን እንደሆነ ለዚህ ቻናል ተከታታይ መንገር አያስፈልግም። ከቁልፍ መያዣው ውስጥ የጎጃም የሆነው ሁለት ነገር ብቻ ነው፤ አበባዋና ስሟ። ስሟ ከጠፋ ያው ከቻይና የሚመጣው የፋብሪካ ጌጥ ነው፤ ፋብሪካ ደግሞ በዋጋ ያሸንፋል። ስለዚህ አበባዋን ከነስሟ መሸጥ የቁም ነገር ብቻ ሳይሆን የንግድም ጥያቄ ነው። ገዢው የሚከፍለው ለፕላስቲኩ አይደለም፤ «ይህች በመስከረም ከሉማሜ የተለቀመች አደይ ናት» ለሚለው ቃል ነው።

*ታዲያ ምን ይደረግ?*

አንደኛ፣ በርካሹ ይጀመር። በወረቀት መካከል የደረቀ አበባ በመስታወት ፍሬም ውስጥ ወይም በእንቁጣጣሽ ካርድ ላይ ቢለጠፍ መርዝ የለው፣ የውጭ ምንዛሪ አይፈልግ፣ ብርድ አያበላሸው። ብራና ፍቆ መጽሐፍ ሲጽፍ የኖረ አገር ለዚህ የእጅ ጥበብ አያጣም። ሬዚን ማድረቁን በደንብ ለተካነ ሰው በሁለተኛ ደረጃ ይምጣ።

ሁለተኛ፣ አበባው ከጓሮ ይምጣ። አደይ በዘር የምትራባ ተክል ናት፤ በአጥር ጥግ፣ በትምህርት ቤት ግቢ፣ በቤተ ክርስቲያን ቅጥር ዳር መዝራት ይቻላል። ጅብራም ሆነ ሌላ የጮቄ ብርቅ ተክል በዚህ ንግድ ውስጥ አይግባ።

ሦስተኛ፣ እያንዳንዱ ዕቃ ከጀርባው ጽሑፍ ይኑረው፦ የአበባው የአማርኛ ስም፣ ቀበሌው፣ ወሩና ዓመተ ምሕረቱ። ለዚህ የሚወጣ ወጪ የለም፤ ብዕር ይበቃል።

አራተኛ፣ የቴክኒክና ሙያ ተቋማት ሥልጠናውን ቢሰጡ ከጓንቱና ከአየር ማስገቢያው ይጀምሩ። ዛሬ በዩቲዩብ የሚማር ወጣት የሚያየው የሚያብረቀርቀውን እንጂ የሚያሳክከውን አይደለም።

አምስተኛና ዋነኛው፣ ትምህርት ቤቶች ይግቡበት። አንድ የባዮሎጂ መምህር በመስከረምና በጥቅምት ተማሪዎቹን ወደ ማሳ ዳር አውጥቶ፣ እያንዳንዱ ተማሪ አንድ ተክል በጋዜጣ መካከል አድርቆ፣ ስሙን ከአያቱ ጠይቆ እንዲጽፍ ቢያደርግ፣ በአምስት ዓመት ውስጥ የምሥራቅ ጎጃም ወረዳዎች የራሳቸው የደረቁ ዕፀዋት መዝገብ ይኖራቸዋል። ከእያንዳንዱ ተክል ሦስት ይደረቅ፤ አንዱ ትምህርት ቤቱ ይቅር፣ አንዱ ደብረ ማርቆስ ዩኒቨርሲቲ ይሂድ፣ አንዱ አራት ኪሎ ይድረስ። ዘሩ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ1976 ለተመሠረተው፣ ዛሬ የኢትዮጵያ ብዝኃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ለሚባለው ተቋም ይላክ። ደረቅ አበባ አይበቅልም፤ ዘር ይበቅላል። ከአያት የሚጠየቀው ስም ደግሞ ከአበባውም ከዘሩም በላይ የሚጣደፍ ነው፤ አያት አትጠብቅም።

ይህ ሁሉ ከተደረገ በሬዚን የታሸገችው አደይ ማስታወሻ ትሆናለች፤ ማስታወሻ ማለት ሌላ ቦታ በሕይወት ያለን ነገር የሚያስታውስ ነው። ካልተደረገ ግን ልጆቻችን አንድ ቀን ከመሳቢያ ውስጥ የወየበ ፕላስቲክ ያገኛሉ፤ ውስጡ ያለችው ቢጫ ነገር ምን እንደነበረች የሚነግራቸው ሰው ይፈልጋሉ። በሚቀጥለው መስከረም ከደብረ ማርቆስ ወጣ ብሎ አንዲት አደይ የሚቆርጥ ሰው ከመቆረጡ በፊት ቦታውንና ቀኑን ይጻፍ። ከዚያ ሬዚኑ ይፍሰስ።